ካገሩ የወጣ ሰው ድምፅ

ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ ሕንድ አገር የሄደ አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ጻፈልኝ። ወዳጄ እዚህ ድሬዳዋ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ነው፤ የሄደውም ደመወዙ ሳይቋረጥ፣ ከደመወዙም ላይ ግብሩ እየተቆረጠ ነው። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ምግቡ ቅመምና ስለ አገሩ ሙቀት ካተተ በኋላ (ሙቀቱንስ የድሬዳዋ ልጅ ስለሆንሁ አልፈራሁትም ይላል) እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፤ «ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ፣ ደመወዜ የኢትዮጵያ፣ የምመለሰውም ወደዚያው ነው። ታዲያ ምርጫ ሲደርስ ኤምባሲው ደጅ ብሄድ የምርጫ ሣጥን አገኛለሁ ወይ? አንተ አስተማሪ ስለሆንህ ታውቀዋለህ ብዬ ነው።»

ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም። ከዚህ ዓምድ አንባቢዎች መካከል ነገ ለትምህርት ወይም ለሥራ ባሕር የሚሻገር አይጠፋምና መልሱን እዚሁ ብጽፈው ይሻላል አልሁ።

አጭሩ መልስ፣ አያገኝም የሚል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ከኢትዮጵያ ወሰን ውጭ አንድም የምርጫ ጣቢያ አልተከፈተም። ያ ምርጫ የተመራበት፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 ከመራጩ በዋናነት የፈለገው ሦስት ነገር ነበር፤ ኢትዮጵያዊ እንዲሆን፣ 18 ዓመት እንዲሞላው፣ በሚመርጥበትም የምርጫ ክልል ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን። ወዳጄ ሁለቱን ያሟላል፤ በሦስተኛው ይወድቃል። እንዲያውም ያን ጊዜ ትምህርቱን ጨርሶ ምርጫው ሦስት ወር ሲቀረው አገሩ ቢገባ ኖሮ፣ በአዋጁ ቃል ከተሄደ፣ በተወለደበት ቀበሌ ቆሞ እንግዳ ሊባል በቻለ ነበር።

መራጭን በመኖሪያው ማሰር ትናንት የመጣ ሐሳብ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመምረጥን መብት የሰጠው ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላ፣ በአንድ የምርጫ ወረዳም መደበኛ መኖሪያ ላለው ወይም ዘወትር በዚያ ለሚገኝ ሰው ነበር። በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚሆኑትን እንደራሴዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመርጥ ይህ ሥርዓት ብዙ ሰው አላስቸገረም። አብዛኛው ሰው በተወለደበት አፈር ላይ ያርስ ነበር፤ ውጭ አገር የሚማረውም ጥቂት ነበርና። ዛሬ ግን ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ኩዌት፣ ዋሽንግተን፣ ጆሐንስበርግ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ በየትኛው ሰፈር ይገኛል? ካገሩ የወጣን ሰው በአህያና በፈረስ የመሰሉት የጥንት ሰዎች የስደተኛውን ኑሮ ጠንቅቀው ያውቁት ኖሯል፤ ሸክሙ እንጂ ቃሉ የማይጠየቅ ማለታቸው ነው።

ነገር ግን ሕጋችን «ከቤቱ የራቀ ሰው አይመርጥም» ብሎ ጨርሶ በሩን የዘጋ እንዳይመስላችሁ። ወታደር በሰፈሩ፣ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪም በተቋሙ ድምፅ እንዲሰጥ ልዩ የምርጫ ጣቢያ ማቋቋምን የምርጫ ሕጎቻችን ያውቁታል። ከቀዬው የተፈናቀለ ሰውም ቀድሞ ይኖርበት ለነበረው የምርጫ ክልል ድምፅ የሚሰጥበት መንገድ ተበጅቶለት ነበር። እንግዲያውስ የምርጫ ወረቀት ሰውን ተከትሎ መሄድ ይችላል ማለት ነው።

ለድሬዳዋ ሰው ደግሞ የበለጠ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በደንገጎ ዳገት በኩል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጕዞ ሐረር ይደረሳል። ሐረሪዎች፣ ከተማቸውን በገዛ ቋንቋቸው ጌይ የሚሏት፣ ከጥንት ጀምሮ ነጋዴዎች ስለሆኑ በአንድ ግንብ ውስጥ ተወስነው አልቀሩም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ በመላው ኢትዮጵያ ከተቈጠሩት ከ30 ሺህ የሚበልጡ ሐረሪዎች መካከል ግማሽ ያህሉ የሚኖሩት ከክልላቸው ውጭ ነበር፤ በድሬዳዋ፣ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች። የክልሉ ሕገ መንግሥት ይህን አይቶ ምክር ቤቱን በሁለት ጉባኤ ከፈለው። ባለ 22 መቀመጫው የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ በክልሉ ነዋሪ ሁሉ ይመረጣል። ባለ 14 መቀመጫው የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ግን በሐረሪዎች ይመረጣል፤ በሐረር ያሉትም ሆኑ በሌላ የኢትዮጵያ ከተማ ያሉት። ስለዚህ መጋላ ውስጥ ሱቅ ያለው ሐረሪ ድሬዳዋ ተቀምጦ የሐረርን ምክር ቤት ይመርጣል ማለት ነው።

በ2013 ዓ.ም. ይህ አሠራር ሊቀር ነበር። የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ውጭ ያሉ ሐረሪዎች ለዚያ ጉባኤ ድምፅ መስጠት አይችሉም ሲል ወሰነ። ክልሉ በዚህ ቅር ተሰኝቶ ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ክርክሩም እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ፍርዱ ለሐረሪዎቹ ሆነ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ከክልሉ ውጭ በተከፈቱ ጣቢያዎች ጭምር ድምፃቸውን ሰጡ። እኔ ይህን ክርክር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። ማን ረታ ማን ተረታ ለማለት አይደለም፤ አንድ ሰው የት ይተኛል የሚለውና የት ነው አገሩ የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ስለማላውቅ ነው።

ይሁን እንጂ አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር እጇን አንሥታ የጠየቀችኝን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «መምህር፣ የእኔ አባት ጉራጌ ነው፤ ጀጎል ውስጥ ተወለደ፤ ድሬዳዋ የመጣው ለሥራ ነው። እርሱስ ለሐረር ይመርጣል?» አለችኝ። አይመርጥም። ወረቀቱ ሰውየውን ተከትሎ የሚሄደው በትውልዱ መሠረት ነው እንጂ በናፍቆቱ አይደለም። ለአንዱ የተከፈተው በር ለሌላው እንዲዘጋ ያደረገው የመንገዱ ርቀት አይደለም፤ ሁለቱም የመጡት በአንድ አውቶቡስ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ መዝገቡ ላይ ነው።

መዝገብ ካልሁ ዘንድ፣ በዚህ ከተማ ቀስ ተብሎ ሊነገር የሚገባው ሌላ ታሪክ አለ።

ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. ድረስ የኤርትራ ሕዝብ ነፃ አገር ይሁን ወይስ አይሁን በሚለው ጉዳይ ድምፅ ሰጠ። ድምፅ የተሰጠው በኤርትራ ብቻ አልነበረም። በሱዳን፣ በልዩ ልዩ የአውሮፓና የዓረብ አገሮች፣ በኢትዮጵያም የምርጫ ጣቢያዎች ተከፍተው ነበር። በኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ከ57 ሺህ በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጥተዋል፤ ከእነዚህም «አይሆንም» ያሉት በመቶዎች የሚቈጠሩ ብቻ ናቸው። በድሬዳዋም በምድር ባቡሩ፣ በፋብሪካውና በንግዱ ከኤርትራ የመጡ ሰዎች ለብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ተጋብተዋል፤ ወልደዋል። ለሪፈረንደሙ ለመመዝገብ ግን አንድ ነገር ያስፈልግ ነበር፤ ይኸውም በ1984 ዓ.ም. በወጣው የኤርትራ ዜግነት ሕግ መሠረት ኤርትራዊ መሆንን የሚገልጽ መታወቂያ ነው። የጊዜው የኢትዮጵያ መንግሥት ሪፈረንደሙን ተቀብሎ ስለነበር ሰው ሳይፈራ ወጣ፤ መታወቂያውንም አወጣ፤ ድምፁን ሰጥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያም በኋላ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ይጓዝ፣ በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ያ መዝገብ ሌላ ትርጓሜ አገኘ። በሪፈረንደሙ ተመዝግቦ የነበረ ሰው የኤርትራን ዜግነት መርጧል፣ ስለዚህም የኢትዮጵያን ትቷል ተባለ። በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። (ከወዲያ ማዶም ኢትዮጵያውያን ተባረዋል፤ ያ ራሱን የቻለ ሐዘን ነው።) በሄግ የተሰየመው የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሣ ኮሚሽን ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ነገሩን ሁለት ወገን አድርጎ አየው። ለድምፁ ብቁ ሆነው የተመዘገቡት የኤርትራን ዜግነት አግኝተዋል አለ። ነገር ግን ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላም እንደ ዜጋ ስላስተናገደቻቸው ኢትዮጵያዊነታቸው አልጠፋም ነበር፤ የሁለት አገር ዜጎች ሆነው ነበር አለ። ከዚህ ተነሥቶም በጦርነቱ ጊዜ ለጸጥታ ተብሎ አንድ በአንድ እየተመረመሩ ዜግነታቸው የተነሣውን ሕጋዊ ሲል፣ ሳይመረመሩ የተባረሩትን፣ ሦስተኛ አገር ሳሉ ዜግነታቸውን ያጡትንና ሌሎችንም በሚመለከት ኢትዮጵያ ሕግ ጥሳለች ብሎ ፈረደ።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ልብ ብለህ ተመልከት። እነዚያ ሰዎች በሚያዝያ 1985 የተጠየቁት ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ መልስ ሰጥታችኋል የተባሉበት ጥያቄ ሌላ ነው። ወረቀቱ ላይ «ኢትዮጵያዊነትህን ትተሃል ወይ?» የሚል ቃል አልነበረም። በሩቅ ሆኖ ድምፅ መስጠት ከሁሉ በፊት ስምን በመዝገብ ማስጻፍ ነው፤ መዝገቡን የያዘው ሰው ነገ ለምን ሥራ እንደሚያውለው አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ ለመብት የተከፈተው በር ለወጥመድም ይሆናል። የእኔ ነገር በዚህ ላይ ጠንካራ ነው፤ ሣጥኑ ወደ ውጭ አገር ከመሄዱ በፊት የመዝገቡ ሕግ ይቅደም። በኤምባሲ የተመዘገበ የመራጭ ስም ለምርጫ ካልሆነ በቀር ለግብር፣ ለጸጥታ፣ ለፓስፖርት እድሳትም ቢሆን እንዳይነካ በአዋጅ መጻፍ አለበት። ተቃዋሚን የመረጠ ተማሪ ፓስፖርቴ አይታደስልኝም ብሎ ከፈራ፣ የመጀመሪያውን ሳይመርጥ ፍርሃቱን መርጧል።

አሁን ደግሞ በየቡናው ቤት የሚሰማውን ተቃውሞ እንመልከት። «ውጭ የተቀመጠ ሰው ምን አገባው? የመረጠው መንግሥት ቢከፋ መከራውን የምንበላው እኛ ነን» የሚሉ አሉ። ነገሩ እውነት የሌለበት አይደለም። ግን ስለማን እንደምንናገር እንለይ። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደውን ሰው ጉዳይ ሕጉ ጨርሶታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270ም ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ ሲሰጥ መምረጥንና መመረጥን ለይቶ አስቀርቶባቸዋል። የቀረው ጥያቄ የኢትዮጵያ ፓስፖርት በእጁ ይዞ ስላለው ሰው ነው። ይህ ሰው ቢታመም፣ ቢታሰር፣ ቢባረር የሚመለሰው ወደዚሁ ነው። የአገሩ መንግሥት ከአሠሪው አገር ጋር የሚዋዋለው ውል ደመወዙን፣ ዕረፍቱን፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን የሚነካው ከእኛ ይልቅ እርሱን ነው።

ደግሞም ኤምባሲዎቻችን እንዲህ ያለውን ሥራ አያውቁትም ማለት አይቻልም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ ወዲህ ለግድቡ ቦንድ በውጭ አገር በኤምባሲዎች በኩል ሲሸጥ ኖሯል። ስም ተጽፏል፣ ደረሰኝ ተቈርጧል፣ ገንዘቡም ሳይጠፋ አገር ገብቷል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ በሩቅ ያሉት ሰዎች ድርሻ ተነሥቶ ተመስግኗል። የገንዘቡን ስም ዝርዝር መያዝ የቻለ እጅ የመራጩን መያዝ እንዴት ያቅተዋል?

የሚያቅተው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱንም ሳልሸሽግ ልናገር። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕገ መንግሥት በውጭ ላሉ ዜጎቿ መብቱን ደረጃ በደረጃ ለመስጠት ተስማማች። እ.ኤ.አ. በ2013 በአራት አገሮች ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አሥራ ሁለት አገሮች አደረሰችው። ነገር ግን ውጭ ያለው ኬንያዊ የሚመርጠው ፕሬዚዳንቱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ በየትም አገር አንድ ዓይነት ነው። ደቡብ ሱዳኖችም እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ስለ ነፃነታቸው ድምፅ ሲሰጡ እዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ጋምቤላ ጭምር፣ ጣቢያ ተከፍቶላቸው ነበር፤ የእነርሱም ጥያቄ አንድ ነበር። እኛ ግን በሕዝብ ድምፅ በቀጥታ የሚመረጥ ፕሬዚዳንት የለንም። ያለን የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ እርሱም 547 የምርጫ ክልሎች አሉት። አንድ ኤምባሲ የጎዴውን፣ የደብረ ታቦሩን፣ የድሬዳዋውን እያለ 547 ዓይነት ወረቀት ሊያዘጋጅ፣ ከዚያም ምሥጢሩ ሳይገለጥ ወደየመንደሩ ሊልክ ነው ማለት ነው። ከአንድ ወረዳ የመጣ ሰው በዚያ አገር አንድ ብቻ ቢሆን ድምፁ እንዴት ምሥጢር ሆኖ ይቀራል? ሮማዊው አውግስጦስ በቅኝ ከተሞቹ ያሉ ሹማምት ድምፃቸውን እያተሙ ወደ ሮማ እንዲልኩ ማድረጉን ታሪክ ጸሓፊው ስዊቶኒየስ ጽፏል፤ ግን ማኅተም ሌላ፣ ምሥጢር ሌላ ነው።

ፈረንሳዮች ይህን ቋጠሮ የፈቱበት መላ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በውጭ ለሚኖሩ ዜጎቻቸው ብቻ 11 የሕዝብ እንደራሴ መቀመጫዎች ሰጥተዋል፤ ዓለምን በ11 ወረዳ ከፋፍለው ማለት ነው። የሐረሪዎቹ 14 መቀመጫም በአሠራሩ ከዚህ ጋር ይዛመዳል፤ ሁለቱም መሬት ሳይሆን ሰው ይወክላሉ። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቍጥር ከ550 መብለጥ የለበትም። ከ550 ላይ 547 ሲቀነስ ሦስት ይቀራል። እነዚህን ሦስት ወንበሮች ሳይ፣ አንዱ ለመካከለኛው ምሥራቅ፣ አንዱ ለአፍሪካ፣ አንዱ ለቀሪው ዓለም እያልሁ አንዳንድ ጊዜ በልቤ አድላቸዋለሁ። ሕገ መንግሥቱ በሌላ ረገድ ይፈቅዳል አይፈቅድም የሚለውን የሕግ ሰዎች ይከራከሩበት። ቦታው ጠባብ መሆኑንም አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሦስት ወንበር ከምንም ይሻላል።

ብቻ ሣጥኑ አንድ ቀን ቢሄድ እንኳ ወዴት ነው የሚሄደው? ኤምባሲና ቆንስላ ያለው በትልልቅ ከተሞች ነው። ተማሪውና ዲፕሎማቱ በታክሲ ደርሰው ይመርጣሉ። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምታገለግል የድሬዳዋ ልጅ ግን ከቤት ለመውጣት የእመቤቷን ፈቃድ ትሻለች፤ ፓስፖርቷም ብዙውን ጊዜ በአሠሪዋ መሳቢያ ተቈልፎበታል። ከዚህ ተነሥተው በጅቡቲ በኩል ባሕር የተሻገሩት ደግሞ ከመጀመሪያውም ፓስፖርት አልያዙም። ለእነዚህ ሰዎች የመመዝገቢያው ማስረጃ በእጅ ያለ ፓስፖርት ብቻ ይሁን ከተባለ፣ መንግሥት ምን ተዋዋለላቸው የሚለው ጥያቄ ከማንም ይልቅ የሚመለከታቸው ሰዎች ከበሩ ውጭ ይቀራሉ። የፓስፖርቱ መዝገብ አዲስ አበባ አለ፤ የቀበሌው መዝገብም እዚህ ሳቢያን፣ ገንደ ቆሬና ከዚራ አለ። ቆንስላው የልጅቷን ስም ጠይቆ ከዚያ ማረጋገጥ ይችላል፤ ጣቢያውም እሑድ ብቻ ሳይሆን እርሷ በምትወጣበት ቀን፣ ዓርብም ቢሆን፣ ክፍት ሊቈይ ይችላል።